ስሟ «የተገኙ» ላይ ብቻ ነበር

(አዲስ ለተመረጡ የተማሪዎች ካውንስል አባላት ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንኳን ደስ አላችሁ። የምርጫው ፖስተር ገና ከግድግዳ አልተላጠም፤ እናንተ ግን ከወዲሁ ስብሰባ ላይ ናችሁ። ሥራው ይኸው ነው፤ ልመዱት።

የጋበዙኝ ሰዎች የሰጡኝ ርዕስ «አመራርና ብዝኃነት» የሚል ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ርዕሱን ሳየው ደከመኝ። ብዝኃነት የሚለውን ቃል ባነር ላይ ስንቴ አየሁት! ባነሩ ይሰቀላል፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ባነሩ ይጠቀለላል፣ በቃ። ስለዚህ ባነሩን ለሌላ ሰው ትቼ ስለ አንድ ደብተር ላውራችሁ።

ተማሪ ሳለሁ የካውንስላችን ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ማለት ሌላው ሲሟገት አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ ሰው ነው። ቃለ ጉባኤ የምይዝበት፣ ጠርዙ የተበላ ትልቅ ደብተር ነበረኝ። እያንዳንዱ ገጽ አናቱ ላይ «የተገኙ» ይልና የአባላቱ ስም ይደረደራል። ከሱ ሥር አጀንዳ፣ ውይይት፣ ውሳኔ። 11 ነበርን። ከ11ዳችን አንዷ የማታ ተማሪዎች ተወካይ ነበረች። ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች፣ በመሀል ስብሰባ ትመጣለች። አንድም ቀን አልቀረችም።

አንድ ጊዜ ሬጅስትራር የመታወቂያ እድሳት ፕሮግራም እንድናወጣ ጠየቀን። ቀላል ነገር ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አልን። አንዱ ሐሳብ አቀረበ፣ ሌላው ደገፈ፣ እጅ ወጣ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። እኔም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ። ለጸሐፊ «በሙሉ ድምፅ» ብሎ መጻፍ ደስ ይላል፤ አጭር ነው።

በሦስተኛው ሳምንት የማታ ተማሪዎች ቢሯችን በር ላይ ተሰበሰቡ። ሥራ የሚገባ ሰው እንዴት አድርጎ ነው ከረፋዱ 4 ሰዓት መታወቂያ ሊያሳድስ የሚመጣው? መታወቂያው ካልታደሰ ላይብረሪ መግባት የለም። የካውንስል ምርጫ ላይ ድምፅ መስጠትም የለም። ሳናስበው የመምረጥ መብታቸውን ነጥቀናቸዋል። ፕሬዝዳንታችን ወደ ተወካይዋ ዞሮ፣ «አንቺ እያለሽ እንዴት እንዲህ ይሆናል? ለምን አልነገርሽንም?» አላት።

«ልናገር ስል እኮ ሌላ አጀንዳ ጀምራችሁ ነበር» አለች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

እኔ ደግሞ ንድድ አለኝ። የነደደኝ በሷ ነው፣ አልደብቃችሁም። አፍ የላትም እንዴ ብዬ። የዚያን ዕለት ማታ ደብተሩን ዶርም ይዤ ገባሁና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አገላበጥኩት። ስሟ «የተገኙ» ላይ አለ። ሁሉም ገጽ ላይ አለ። ከዚያ በታች የለም። ስድስት ወር ሙሉ አንዲት መስመር የላትም። የምጽፈው እኔ እንኳ ስሜ ስንት ቦታ አለ።

ፎቷችን ግን እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ከየፋኩልቲው፣ ከየዓመቱ፣ ሴቱ፣ ወንዱ፣ የቀኑ፣ የማታው። ማንም ቢያየን ይቀናብን ነበር።

ከዚያ ደብተር በኋላ አንድ ነገር ማመን ጀመርኩ። የተለያዩ ሰዎችን አንድ ክፍል ማስገባት የመራጮች ሥራ ነው። እሱን ጨርሰውላችኋል። የቀረው የእናንተ ሲሆን ጥቃቅን ውሳኔዎችን ያቀፈ ነው። ስብሰባው ስንት ሰዓት ላይ ነው? አጀንዳውን ማን ያወጣል? ማን ቀድሞ ይናገራል? ድምፅ እንዴት ይቆጠራል? ብዙ ሰው እነዚህን «አሠራር» ይላቸዋል እንጂ ውሳኔ ብሎ አይቆጥራቸውም። መሪ የሚታወቀው ግን እዚያ ጋ ነው።

ይህ የኔ ቁጭት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 ጋሮልድ ስታሰር እና ዊሊያም ታይተስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ ይፋ አደረጉ። ተማሪዎችን አራት አራት አድርገው አስቀመጡና ከሦስት እጩዎች መካከል የተማሪዎች ፕሬዝዳንት እንዲመርጡ አዘዟቸው። የእናንተኑ ነገር ማለት ነው! እጩዎቹ ወረቀት ላይ ብቻ ያሉ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ይሻላል። ሁሉም አባላት ሙሉ መረጃ ከተሰጣቸው ቡድኖች 83 በመቶዎቹ የተሻለውን መረጡ። ሌሎቹ ቡድኖች ጋ መረጃው ተበጣጥሶ ተሰጠ። የጎበዙ እጩ መልካም መልካም ጎን ለየሰዉ ለየብቻ ታደለ። አራቱ ያላቸውን ቢያዋጡ ኖሮ ምንም አይጎድልባቸውም ነበር። አላዋጡም። ሲያወሩ የቆዩት ሁሉም አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው። በዚህ ዓይነት መረጃው ከተበተነባቸው ቡድኖች የተሻለውን እጩ የመረጡት 18 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

አያችሁ? ማንም ማንንም አልጨቆነም። ማንም አፍህን ዝጋ አልተባለም። ሰው ስብሰባ ላይ ሲቀመጥ የጋራውን ማውራት ይቀናዋል፤ ራስ የሚያስነቀንቀው እሱ ነውና። ለብቻህ የምታውቀውን ስትናገር ክፍሉ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ከባድ ነው። የማታ ተማሪዎች ተወካይ ብቻዋን የምታውቀውን ነገር ይዛ ነበር የተቀመጠችው። እኛ አሥራችን ደግሞ የጋራችንን እያወራን ነበር።

ብቻ ስለመሆን ካነሳሁ ስለ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ ልንገራችሁ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ሙከራ ታዋቂ ነው። ሰዎች መስመር ያሳያቸዋል፤ ከሦስቱ ከዚህኛው ጋር እኩል የሆነው የትኛው ነው ይላቸዋል። ሕፃን የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ክፍሉ ውስጥ ካሉት አንዱ ብቻ ነው የእውነት ተጠያቂ። ሌሎቹ ተነጋግረው የመጡ ናቸው፤ አንድ ላይ ስህተቱን ይመልሳሉ። ያ አንዱ ሰው ዓይኑ እያየ ከሦስት መልሶቹ አንዱን ያህል ከነሱ ጋር ተሳሳተ። አሁን ዋናው መጣ። አሽ ከተነጋገሩት መካከል አንዱን ብቻ ትክክለኛውን እንዲመልስ አደረገው። ስህተቱ ከቀድሞው ሩብ ያህል ብቻ ሆነ። ያ አንዱ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ፣ ብቻ ከብዙኃኑ ይለይ እንጂ፣ ተጠያቂው ይደፋፈራል።

ስለዚህ ካውንስል ውስጥ ከአንድ ወገን አንድ ሰው ብቻ ማስቀመጥ የሚባለው ነገር አይጥመኝም። ሁለት አድርጉ። ሁለተኛዋ የግድ የመጀመሪያዋን መደገፍ የለባትም። እንዲያውም ቢጣሉ ጥሩ ነው። ያን ጊዜ «የእናንተ ሰዎች ምን ይላሉ?» የሚለው ጥያቄ ይሞታል። ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የተጠየቀ ያውቀዋል። አንድ ልጅ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ሐሳብ ጀርባው ላይ አዝሎ እንዲመጣ ነው የሚጠበቅበት። አካል ጉዳተኛ ተማሪ ስለ ራምፕ ብቻ ይጠየቃል። ስለ በጀት የሚጠይቀው የለም። ምናልባት ከሁላችሁም በላይ ሂሳብ የሚችለው እሱ ነው።

ፕሬዝዳንቱ የቱ ነው? እሺ፣ አንተ ነህ። ይኸን ላንተ ነው የምናገረው፤ ሌሎቻችሁ እያዳመጣችሁ። ቀድመህ አትናገር። በቃ። «እኔ በግሌ የሚመስለኝ» ብለህ ስትጀምር ውይይቱ እዚያው አለቀ። ጓደኞችህ ይደግፉሃል፤ ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ ያስገባሃቸው አንተ ነሃ። የቀሩት ዝም ይላሉ። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ጆን ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1961 በኩባው የአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ወረራ ክፉኛ ወድቆ ነበር። ዙሪያውን የነበሩት ብዙዎቹ ሊቃውንት ናቸው፤ ጥርጣሬ ያደረባቸውም ነበሩ። ጠንከር ብሎ የተቃወመ ግን ጥቂት ነው። በዓመቱ የኩባ ሚሳኤል ቀውስ ሲመጣ አማካሪዎቹን ሰብስቦ አንዳንዱ ስብሰባ ላይ ሆን ብሎ አልተገኘም። እሱ ካለ ሰው የልቡን እንደማይናገር ገብቶታል። የኒውክሌር ጦርነት ሊነሳ ሲል መሪ ከክፍሉ ከወጣ፣ አንተ የመዝናኛ ምሽቱ አጀንዳ ላይ ሦስት ደቂቃ ዝም ማለት አያቅትህም።

የድምፅ አሰጣጡም የሰውን አፍ ይከፍታል፤ ወይ ይዘጋል። ክሪስቶፈር ካርፖዊትዝ፣ ታሊ ሜንደልበርግ እና ሊ ሻከር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ሰዎችን አምስት አምስት አድርገው አወያዩ። አንዳንዱ ቡድን በአብላጫ ድምፅ እንዲወስን ተነገረው። ሌላው ሁሉም ካልተስማማ ውሳኔ የለም ተባለ። በአብላጫው ደንብ ሴቶቹ በቁጥር ሲያንሱ ከድርሻቸው በጣም ያነሰ ተናገሩ። ሁሉም ይስማማ በተባለበት ክፍል ግን ልዩነቱ ጠፋ። ሰዎቹን አልቀየሯቸውም፤ ደንቡን ነው የቀየሩት። እርግጥ ሁሉንም ነገር በሙሉ ስምምነት እንወስን ካላችሁ እስክትመረቁ ድረስ አንድ አጀንዳ አትጨርሱም። ግን በዓመት ሁለት ሦስት ውሳኔዎች አሉ፤ አንዱን ወገን ብቻ የሚጎዱ። ለነሱ ከፍ ያለ ድምፅ ጠይቁ። የትኞቹ እንደሆኑ አሁን፣ ገና ሳትጣሉ፣ መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ጻፉት። ከተጣላችሁ በኋላ አይሆንም።

ወደ ምርጫው ልምጣ። በቅርብ ስለተመረጣችሁ ይህን ብትጠሉም አይደንቀኝም። ብዙ ካውንስል የሚመረጠው በዚህ መንገድ ነው፤ አምስት ወንበር ካለ መራጩ አምስት ስም ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ብዙ ድምፅ ያገኙት አምስቱ ይገባሉ። ፍትሐዊ ይመስላል። እስቲ እናስላው። 100 መራጭ አለ እንበል። 55ቱ አንድ ወገን ይደግፋሉ፣ 45ቱ ሌላ ወገን። 55ቱ የራሳቸውን አምስት እጩዎች ይመርጣሉ፣ 45ቱም እንደዚያው። የመጀመሪያዎቹ አምስት እያንዳንዳቸው 55 ድምፅ፣ የሌሎቹ አምስት እያንዳንዳቸው 45። ወንበሩ 5 ለ 0። ማንም አላጭበረበረም። ከመራጩ ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው ግን አንድ ሰው የለውም።

አየርላንድና ማልታ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ምክር ቤታቸውን በሌላ መንገድ ይመርጣሉ። መራጩ ስሞቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ ይደረድራል። ለአምስት ወንበር ከ100 መራጭ ለመግባት የሚያስፈልገው 17 ድምፅ ነው። ለምን 17? ስድስት ሰው 17 17 ሊያገኝ ስለማይችል፤ 102 ይሆናላ። አንድ እጩ ከ17 በላይ ካገኘ ትርፉ መራጮቹ ሁለተኛ ወዳሉት ይተላለፋል። መጨረሻ የወጣው ይወድቅና የሱም ድምፆች እንደዚያው ይተላለፋሉ። በዚህ ሂሳብ 55ቱ ሦስት ወንበር፣ 45ቱ ሁለት ወንበር ያገኛሉ። ያው ሰው፣ ያው ምርጫ። የተለየው አቆጣጠሩ ብቻ ነው። ቆጠራው ትንሽ ያደክማል፤ ግን ደግሞ ካውንስላችሁ ውስጥ የሂሳብ ተማሪ አይጠፋም።

ኮታስ? መጠየቃችሁ አይቀርም። እኔ ኮታ የሚባል ነገር ብዙ አልወድም ነበር። በኋላ የህንድን ነገር ሳነብ ለዘብ አልኩ። ህንድ ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመንደር ምክር ቤቶች መሪነት ሲሶው ለሴቶች እንዲሆን ደነገገች። የትኛው መንደር ዘንድሮ በሴት ይመራ የሚለው ማለት ይቻላል በዕጣ ነው የሚወጣው፤ ለተመራማሪ ደግሞ ይህ ሎተሪ ነው። ራግሃቤንድራ ቻቶፓድያይ እና ኤስተር ዱፍሎ በዌስት ቤንጋልና በራጃስታን አይተው እንደጻፉት፣ በሴት የሚመሩት መንደሮች ሴቶች አብዝተው አቤት ለሚሉባቸው ነገሮች፣ በተለይ ለመጠጥ ውሃ፣ ይበልጥ ገንዘብ መደቡ። ቆይቶ በዌስት ቤንጋል በተደረገ ጥናት ደግሞ ኮታው ከተነሳ በኋላም እዚያ ሴቶች መወዳደርና ማሸነፍ ቀጠሉ። አንዴ ያየ ሰው ዓይኑ ይለምዳል።

ታሪክ ለሚወድ፣ ይህ ሁሉ አዲስ ጣጣ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በጣሊያኗ ከተማ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲውን የሚመሩት ተማሪዎች ራሳቸው ነበሩ። ሬክተሩ ከተማሪዎች መካከል የሚመረጥ ሲሆን፣ መምህር ካረፈደ በገንዘብ ይቀጣል! (እባካችሁ ይህን ሐሳብ ለዲናችሁ አትንገሩት።) ተማሪዎቹ በመጡበት አገር ተከፋፍለው «ብሔሮች» በሚባሉ ማኅበራት ተደራጅተው ተወካይ ይመርጣሉ። ውክልና ማለት ያኔም አንገብጋቢ ነበር ማለት ነው። የሚገርመው ግን የቦሎኛ ተወላጅ ተማሪዎች አባል አይደሉም። ማኅበሩ የተቋቋመው አገር ለሌለው እንግዳ መከታ እንዲሆን ነው፤ እነሱ ከተማቸው አለቻቸው። ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ለሁሉም ተማሪ የተባለ ነገር ከጥንስሱ አንድ ሰው ደጅ አስቀርቷል። እኔ ካውንስል ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው፤ ደጅ የቀረው ማነው?

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ። ክበባት በጀት ይጠይቋችኋል። ከነሱ አንዱ ሐሳቡ የሚያንገሸግሻችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲን የተማሪዎች ክፍያ ጉዳይ ተመልክቶ ነበር። ተማሪዎች የግዴታ የሚከፍሉት ገንዘብ ለማልስማማበት ክበብ ይሰጣል ብለው ከስሰዋል። ፍርድ ቤቱ ክፍያው ይቻላል አለ። ሁኔታው ግን ገንዘቡ የክበቡን አመለካከት ሳያዩ የሚከፋፈል ከሆነ ነው። ስለዚህም ነው አንድን ክበብ በተማሪዎች አብላጫ ድምፅ በጀት መስጠት ወይም መንሳት የሚቻልበትን መንገድ በጥርጣሬ ያየው። የብዙኃን ድምፅ ሁሉንም ነገር አይፈታም። እናንተ ፍርድ ቤት ባትሆኑም መስፈርቱን ጠያቂው ከመምጣቱ በፊት አውጡ፤ ስንት አባል አለው፣ ያለፈውን ወጪ አወራርዷል ወይ፣ ዝግጅቱ ለሁሉም ክፍት ነው ወይ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማንም ይሁን።

ሹመትንማ አላወራም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ታውቁታላችሁ፤ ካውንስል ውስጥ መብላት ማለት ጓደኛን ማስገባት ነው። ኮሚቴ ስታዋቅሩ ክፍት ቦታውን ለጥፉ፣ ቀን ስጡ፣ አመልካች ይምጣ። አለቀ።

ወደ ደብተሩ ልመልሳችሁ። ያን ማታ ያየሁትን በሚቀጥለው ስብሰባ አነበብኩላቸው። ማንንም አልወቀስኩም። ከስም ዝርዝሩ ጎን የተናገሩበትን ቁጥር ጽፌ አነበብኩ። የፕሬዝዳንቱ ቁጥር ሲነበብ ሳቅ ሆነ፤ እሱም ሳቀ፣ ጥሩ ሰው ነበር። የሷ ጋ ስደርስ «ዜሮ» አልኩ። ሳቁ ቆመ።

የዚያን ቀን ሁለት ነገር ወሰንን። መታወቂያው ቅዳሜም ይታደሳል። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ውሳኔ በፊት ዙር ይደረጋል፤ ሁሉም በተራው ይናገራል፣ ፕሬዝዳንቱ መጨረሻ። የሚለው የሌለው «አልፌያለሁ» ይላል። በመጀመሪያው ዙር አምስት ሰው አልፌያለሁ አለ። አሰልቺ ነበር፤ አንዳንዱም ሰዓቱን ያያል።

ተራው እሷ ጋ ደረሰ። ቦርሳዋን ከፍታ አራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። አጠገቧ ስለተቀመጥኩ አናቱ ላይ የተጻፈውን ቀን አየሁት። ካውንስሉ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የተጻፈ ነው።

«ሰባት ነጥብ ነበረኝ» አለች። «አምስቱ ጊዜያቸው አልፏል። ሁለቱ ግን ገና ይሠራሉ።»

ብዕሬን አነሳሁና ስሟን ጻፍኩ፤ ከስሟ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ።